የኮሶ ትል እንቁላል ሞቷል ወይስ በሕይወት አለ? የቀቀልኩት እንቁላል ቀለም አልያዘም

ጀማሪዋ
(ሰኞ ጠዋት)

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው የምረቃ ጥናት ነው። ከፍሳሽ ማጣሪያ የሚወጣ ዝቃጭ በሙቀት ከታከመ በኋላ በውስጡ ያሉት የኮሶ ትል እንቁላሎች ሞተዋል ወይስ አልሞቱም የሚለውን ለማወቅ እሞክራለሁ። ሦስት ሳምንት የደከምኩበት ሥራ ትናንት ማታ እጄ ላይ ስለፈረሰ ምክር ፍለጋ መጥቻለሁ።

እንቁላሎቹን የማገኘው ከበሰሉ የቴኒያ ሳጂናታ (ከከብት ሥጋ የሚይዘን የኮሶ ትል) ክፋዮች፣ ማለትም እንቁላል ከሞላባቸው የትሉ የአካል ቁራጮች ነው። ክፋዩን በጨው ውሃ ውስጥ ቆራርጬ እንቁላሉን አወጣለሁ፤ በወንፊት አጣርቼ በሴንትሪፊውጅ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥባለሁ። ግማሹን ከዝቃጭ ጋር ቀላቅዬ አሞቃለሁ፣ ግማሹን ሳልነካ አስቀምጣለሁ። ከዚያ በሁለቱም ላይ ትሪፓን ብሉ ጨምሬ እቆጥራለሁ። የሞተ ሴል ቀለሙን ያስገባል፣ ሕያው ሴል ያስቀራል ተብዬ ስለተማርኩ ሰማያዊ የሆነውን «ሙት»፣ ያልሆነውን «ሕያው» እያልኩ ስመዘግብ ቆየሁ።

ትናንት የሥራ ባልደረባዬ መዝገቤን አገላብጣ «መሞቱን በእርግጠኝነት የምታውቂውን እንቁላል ቀለም ቀብተሽ አይተሻል?» ስትል ጠየቀችኝ። አላየሁም ነበር። አንዱን ቱቦ የፈላ ውሃ ውስጥ ዐሥር ደቂቃ አቆየሁትና ሲቀዘቅዝ ያንኑ ቀለም ጨመርኩበት። በማይክሮስኮፕ ስመለከት እንቁላሎቹ ከትኩሶቹ በምንም አይለዩም። ክብ፣ ቡናማ፣ ቅርፊታቸው ላይ እንደ ፀሐይ ጨረር ከመሃል ወደ ዳር የወጡ ቀጫጭን መስመሮች ያሉባቸው ናቸው። ከጥቂቶቹ በቀር ሰማያዊ ነገር የሚባል አይታይባቸውም።

ዐሥር ደቂቃ የተቀቀለ እንቁላል በሕይወት ሊኖር አይችልም። ታዲያ እስከ ዛሬ የቆጠርኩት ምንድን ነው? ቀለሙ አርጅቶ ነው? ወይስ ከሥር ጀምሮ የተሳሳትኩት ነገር አለ?

ስድስት መንጠቆ
(ሰኞ ከሰዓት በኋላ)

እህቴ፣ ቀለምሽ ደህና ነው። ባልደረባሽንም አመስግኚልኝ፤ ያቀረበችልሽ ጥያቄ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መጠየቅ የነበረበት ነው።

ነገሩን ከእንቁላሉ አሠራር እንጀምር። የቴኒያ እንቁላል ቁመቱና ወርዱ ከ30 እስከ 40 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። የምታዪው ቡናማ ግድግዳ ኢምብሪዮፎር ይባላል። ኬራቲን ከመሰለ ፕሮቲን የተሠሩ ጥቃቅን ጡቦች ጎን ለጎን ተደርድረው፣ በመካከላቸው ባለ ማጣበቂያ የተያያዙበት ግንብ ነው። ያ የፀሐይ ጨረር ያልሽው መስመር የጡቦቹ መገጣጠሚያ ነው። ከግንቡ ሥር አንድ ስስ ሽፋን አለ። ኦንኮስፌር የምንለው ስድስት መንጠቆ ያለው ሽል ተጠቅልሎ የተቀመጠው ከዚያ ሽፋን ውስጥ ነው።

ትሪፓን ብሉ ሥራውን የሚሠራው የሴሉ ገጽ ላይ ሲደርስ ነው። ግንቡ ቆሞ ሳለ አይደርስም። መቀቀል ሽሉን ይገድለዋል እንጂ ጡቦቹን አይበትናቸውም፤ ስለዚህ ቀለሙ ከሙትም ከሕያውም እኩል ደጅ ላይ ቀረ። ሰማያዊ ሆነው ያየሻቸው ጥቂቶች ቅርፊታቸው የተሰነጠቀባቸው ናቸው ብዬ እገምታለሁ። ሦስት ሳምንት የቆጠርሽው የቅርፊት ደኅንነትን ነው።

ከቀለም በፊት ግንቡን ማፍረስ የግድ ነው። ይህም ሁለት የተለያዩ እርምጃዎች አሉት፤ ብዙ ጽሑፍ ላይ ተቀላቅለው ስለሚቀርቡ ለይተሽ ያዣቸው። አንደኛው መፈልፈል ነው፤ ኢምብሪዮፎሩ ይፈርሳል፣ ኦንኮስፌሩ ግን ገና በስስ ሽፋኑ ውስጥ ነው። ሁለተኛው መነቃቃት ነው፤ ኦንኮስፌሩ መንጠቆዎቹን እያንቀሳቀሰ ሽፋኑን ጥሶ ይወጣል። የሞተ እንቁላል ሊፈለፈል ይችላል፤ ግንቡን የሚያፈርሰው እኛ የጨመርነው ነገር ስለሆነ የሽሉ ሕይወት አያስፈልገውም። መነቃቃት ግን የሽሉ የራሱ ሥራ ነው።

የቆየው መንገድ የከብቱን ሆድ መምሰል ነው። ሲልቨርማን በ1954 ባሳተመው ሥራ የቴኒያ እንቁላል በምን እንደሚፈለፈልና እንደሚነቃቃ፣ ሕያውነቱም በምን መስፈርት እንደሚለይ በዝርዝር አጥንቷል። ዛሬም የምንሠራው በመሠረቱ ያንኑ ነው። እንቁላሉን መጀመሪያ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ በተቀላቀለ ፔፕሲን ውስጥ በ37 ወይም በ38 ዲግሪ ሴልሺየስ ታቆዪዋለሽ፤ ይህ የጨጓራው ፋንታ ነው። አጥበሽ ፓንክሪያቲን (የቆሽት ኤንዛይሞች ድብልቅ)፣ ሐሞትና ሶዲየም ባይካርቦኔት ወዳለበት ፈሳሽ ታሻግሪዋለሽ፤ ይህ የአንጀቱ ፋንታ ነው። በየሩብ ሰዓቱ ጠብታ እየወሰድሽ ታያለሽ።

አጭሩ መንገድ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ ማለትም በረኪና ነው። ቀጭን መጠን ያለው ሃይፖክሎራይት ጡቦቹን በደቂቃዎች ውስጥ ይበትናል። ከዚያ አጥበሽ በአንጀት ፈሳሹ ታነቃቂዋለሽ።

የፍሳሽ መሐንዲስ
(ሰኞ ማታ)

ጣልቃ ለመግባት ፍቀዱልኝ። ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? እኛ የወስፋትን እንቁላል የምንመረምረው በጣም ቀላል በሆነ መንገድ ነው። ናሙናውን በ28 ዲግሪ ገደማ ሦስት አራት ሳምንት በኢንኩቤተር እናቆያለን። እጭ የሠራው ሕያው ነው፣ ያልሠራው ሙት ነው። ቀለም የለ፣ ኤንዛይም የለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ባወጣው መመሪያ ላይ በሊትር ከ1 እንቁላል አይብለጥ የሚለውን ገደብ የምናሟላው በዚህ ዓይነት ቆጠራ ነው። ለኮሶ ትልስ ለምን አይሠራም?

ስድስት መንጠቆ
(ሰኞ ማታ)

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታም ይኸው ነው። የወስፋት እንቁላል ከሰውነት ሲወጣ በውስጡ ያለው ያልተከፋፈለ አንድ ሴል ነው። እጭ ለመሆን ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ማደጉ ራሱ የሕይወት ምስክር ነው። የኮሶ ትል እንቁላል ግን ገና ከክፋዩ ሲወጣ ሽሉ ተሠርቶ አልቋል፤ ስድስቱ መንጠቆዎች በቦታቸው ናቸው። ኢንኩቤተር ውስጥ ቢያቆዩት የሚጨምር ነገር የለውም፤ ይልቁንም ሙቀቱ ያስረጀዋል። በመጀመሪያው ቀን መንጠቆ ያያሉ፣ በሠላሳኛውም ቀን መንጠቆ ያያሉ፤ መንጠቆው ጠንካራ ስለሆነ ከሞተም በኋላ ይታያል።

የፍሳሽ መሐንዲስ
(ሰኞ ማታ)

ገባኝ፤ አመሰግናለሁ። ወስፋትን አመላካች አድርገን የምንይዘው እጅግ ጠንካራ ስለሆነ ነው፤ እሱ ካለቀ ሌሎቹም አልቀዋል ብለን እንነሣለን። ለማጣሪያው አሠራር ይህ በቂ ነው። የጀማሪዋ ጥያቄ ግን ስለራሱ ስለኮሶ ትል ስለሆነ የእኔ ዘዴ እንደማይረዳት አሁን አየሁ።

ነጭ ጋዋን
(ማክሰኞ ጠዋት)

እኔ ደግሞ ኢዮሲን የተባለውን ቀይ ቀለም በ0.1 ከመቶ መጠን እመክራለሁ። በኢኪኖኮከስ (በውሻ አንጀት ውስጥ በሚኖረው ትንሽ የኮሶ ትል ዘመድ) ላይ ስሠራ ሁልጊዜ የምጠቀመው እሱን ነው። ቀይ የሆነው የሞተ ነው፤ ያልቀላው ላይ ደግሞ የነበልባል ሴሎቹን (ፈሳሽ የሚያስወግዱ፣ እንደ ነበልባል የሚርገበገብ ፀጉር ያላቸው ሴሎች) እንቅስቃሴ አያለሁ። በደቂቃዎች ውስጥ ውጤቱ ይታወቃል። ኢኪኖኮከስም ቴኒያም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለሆኑ ለእሷም ይሠራል ባይ ነኝ።

የእንስሳት ሐኪሟ
(ማክሰኞ ጠዋት)

ነጭ ጋዋን፣ አንተ የምታየው እንቁላል አይደለም። ከበግ ወይም ከሰው ጉበት ከወጣ የሃይዳቲድ ከረጢት (የኢኪኖኮከስ እጭ የሚሠራው ፈሳሽ የሞላበት ከረጢት) ውስጥ ያለው ፕሮቶስኮሌክስ፣ ማለትም የወደፊቱ ትል ራስ ነው። እሱ ቅርፊት የለውም፤ ኢዮሲን በቀጥታ ያገኘዋል። የነበልባል ሴሎቹንም በዓይን ማየት ይቻላል። ከረጢቱ ሕያው መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ከሆነ ዘዴህ የታወቀና የሚታመን ነው። የኢኪኖኮከስ እንቁላል ግን የሚገኘው በውሻ ሰገራ ውስጥ ነው፤ እሱም እንደ ቴኒያ ኢምብሪዮፎር አለው። እንዲያውም የሁለቱ እንቁላሎች በተራ ማይክሮስኮፕ ፈጽሞ አይለያዩም። ኢዮሲኑ ደጅ ላይ ይቀራል።

ስለ ጀማሪዋ ሥራ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛው የመጨረሻውን ዳኛ ይመለከታል። እንቁላሉ በሽታ ማስያዝ ይችላል ወይ የሚለውን በቀጥታ የሚመልሰው ለእንስሳ ሰጥቶ ማየት ብቻ ነው። በ2005 የታተመ ከአርጀንቲና ፓታጎንያ የመጣ ሥራ አለ። የኢኪኖኮከስ ግራኑሎሰስ እንቁላል በደረቁና በነፋሻው ምድር ላይ 41 ወር ከቆየ በኋላ ለበጎች ተሰጠ፤ በጎቹም ከረጢት አፈሩ። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ነው ይህ! ማንኛውም ቀለም ይህን ያህል አሳማኝ መልስ ሊሰጠን አይችልም ነበር።

ነገር ግን እንስሳም ቢሆን የራሱ ጉድለት አለው። ለጥጃ ከተሰጠው የቴኒያ ሳጂናታ እንቁላል ሥጋ ውስጥ ደርሶ እጭ የሚሆነው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ቀድሞ እንቁላል የቀመሰ ከብት ደግሞ መከላከያ አዳብሯልና ጭራሽ ላይያዝ ይችላል። ውጤቱን ለማየትም ወራት መጠበቅና እንስሳውን አርዶ ጡንቻውን በስሱ እየቆረጡ መፈለግ ያስፈልጋል። ምንም ካልተገኘ «እንቁላሉ ሙት ነበር» ለማለት አይበቃም። ለዚህ ነው አንዳንዶች በቤተ ሙከራ የነቃውን ኦንኮስፌር የመከላከል አቅሟ በተዳከመ አይጥ ቆዳ ሥር የሚወጉት። እኔ በበኩሌ እንስሳ ለእያንዳንዱ ናሙና ይወጣ የሚል ሐሳብ አይዋጥልኝም። የቤተ ሙከራ ዘዴሽን ትክክለኛነት አንድ ጊዜ ለማረጋገጥ ሲሆን ግን ተገቢ ነው እላለሁ።

የጨረር ነገርም መነሣት አለበት። በልክ ጨረር የተመታ እንቁላል ይፈለፈላል፣ ይነቃል፣ ሽሉ ይንቀሳቀሳል፣ አንጀትም ሊበሳ ይችላል፤ አድጎ ጤነኛ እጭ ግን አይሆንም። ይህ ጠባዩ ለክትባት ምርምር ጭምር አገልግሏል። እንግዲህ እንዲህ ያለው እንቁላል ሕያው ነው ወይስ ሙት? ማይክሮስኮፑ ሕያው ይለዋል፤ ጥጃው ሙት ይለዋል። ጽሑፍሽ ላይ «ሕያው» ብለሽ ብቻ አትለፊ፤ «የተፈለፈለ»፣ «የነቃ» ወይም «እንስሳ ያስያዘ» ብለሽ ያየሽውን ጻፊ።

ሁለተኛው ስለ አንቺ ስለራስሽ ነው፤ እባክሽ አቅልለሽ አትዪው። የቴኒያ ሳጂናታ እንቁላል ሰውን አያጠቃም፤ የቴኒያ ሶሊየም (የአሳማው ኮሶ ትል) እንቁላል ግን ሰው ከዋጠው አንጎል ድረስ ሄዶ ከረጢት ይሠራል። ሁለቱ እንቁላሎች በመልክ አይለያዩም። ከዝቃጭ ውስጥ የወጣ እንቁላል የማን እንደሆነ ስለማታውቂ ሁሉንም እንደ ሶሊየም ቁጠሪ። አልኮልና ፎርማሊን ይገድሉታል ብለሽ አትተማመኚ። ተራ ማቀዝቀዣም አይበቃም፤ የኢኪኖኮከስ መልቲሎኩላሪስ እንቁላል ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ 240 ቀን ቆይቶ እንኳ የማስያዝ አቅሙን እንዳላጣ ታይቷል። ናሙናውን ከመንካት በፊት ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ለቀናት ማቆየት ይገድለዋል፤ ግን አንቺ ሕያው እንቁላል ስለምትፈልጊ ይህ አይሆንልሽም። ስለዚህ ጓንትሽ፣ መከለያሽ፣ የምትደፊው ውሃ ሁሉ ይታሰብበት። የሚጣለውን ሁሉ በሙቀት ግደዪው።

ቀለም ቀላቃይ
(ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ)

ስለ ቀለሞቹ ጥቂት ልበል፤ ሥራዬ እሱ ነውና።

ኦንኮስፌሩ ከግንቡ ከወጣ በኋላ ትሪፓን ብሉ ተመልሶ ጠቃሚ ይሆናል። ያው ቀለም፣ ያው መጠን፤ የተለወጠው እንቁላሉ ነው። የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ካለሽ ግን ፍሎረሲን ዳይአሴቴትና ፕሮፒዲየም አዮዳይድ በጥምር የተሻለ መልስ ይሰጣሉ። የመጀመሪያው ሕያው ሴል ውስጥ ገብቶ በሴሉ ኤንዛይም ሲሰበር አረንጓዴ ያበራል። ሁለተኛው የሴል ሽፋኑ የተበሳበት ብቻ ውስጥ ገብቶ ቀይ ያበራል። አረንጓዴም ቀይም የሆነ ካየሽ በመሞት ላይ ያለ ነውና ለብቻው መዝግቢው፤ ወደሚመችሽ ዓምድ አትግፊው። አረንጓዴው ቶሎ ስለሚያፈስ ስላይዱን አዘጋጅተሽ ሻይ ልትጠጪ አትሂጂ።

ኤምቲቲ የሚባለውም አለ። ሕያው ሴል ቢጫውን ቀለም ወደ ወይን ጠጅ ደቃቅ ይለውጠዋል። ለዝቃጭ ግን ተጠንቀቂ፤ ባክቴሪያም ያንኑ ለውጥ ያደርጋል። እንቁላሉ ላይ የተጣበቀ ባክቴሪያ የሞተውን ኦንኮስፌር ሕያው ያስመስለዋል። ዝቃጭ ውስጥ ያሉ የዕፅዋት ቁርጥራጮችም በፍሎረሰንስ ብርሃን ሥር በራሳቸው ያበራሉ። ምንም ቀለም ያልተጨመረበት ስላይድ ሁልጊዜ ከጎንሽ ይኑር።

ጀማሪዋ
(ሐሙስ ማታ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእንስሳት ሐኪሟን ምክር ካነበብኩ በኋላ የቆሻሻ ውሃ አወጋገዳችንን ቀይረናል።

ኤንዛይሙ እስኪመጣ በሃይፖክሎራይት ጀመርኩ፤ አልተሳካልኝም። ከበረኪናው ጥቂት ወስጄ በውሃ አቅጥኜ ዐሥር ደቂቃ አቆየሁትና አጠብኩ። ስላይዱ ላይ የቀረው እዚህም እዚያም የተበተኑ መንጠቆዎች ብቻ ናቸው። ትኩሱም፣ የሞቀውም፣ የተቀቀለውም እንዲሁ። ሦስት ስላይድ ሙሉ ፈልጌ ሁለት ሙሉ ኦንኮስፌር አገኘሁ፤ ሁለቱም ከትኩሱ ቱቦ ናቸው። ምን አጠፋሁ?

ስድስት መንጠቆ
(ሐሙስ ማታ)

አበዛሽበት። ሃይፖክሎራይት ግንቡን ካፈረሰ በኋላ አይቆምም፤ ቀጥሎ ስስ ሽፋኑን፣ ከዚያም ሽሉን ይበላል። ሕያው ኦንኮስፌር ለጥቂት ጊዜ ይቋቋመዋል እንጂ ለዘላለም አይቋቋመውም። በሰዓት ላይ ተማምነሽ አትሥሪ። ጠብታውን ስላይድ ላይ አድርገሽ ሃይፖክሎራይቱን ከከቨር ስሊፑ (ከስሱ መሸፈኛ መስታወት) ጫፍ ጨምሪና በዓይንሽ ተከታተዪው። መጀመሪያ ቡናማው ቀለም ይሳሳል፣ ከዚያ ጡቦቹ ከአንድ ወገን እንደ አሸዋ ይረግፋሉ፣ በመጨረሻ የሚያንጸባርቅ፣ ጥርት ያለ ክብ ነገር ይቀራል። ያ ሽፋኑ ውስጥ ያለው ኦንኮስፌር ነው። አብዛኞቹ እዚህ የሚደርሱበትን ጊዜ ያዢ፤ የቱቦሽ ጊዜ እሱ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ በብዙ ፈሳሽ አቅጥነሽ ወዲያው እጠቢ፤ ሶዲየም ታዮሰልፌት ብትጨምሪበት የቀረውን ክሎሪን ያከሽፈዋል።

በረኪና በመደርደሪያ ላይ እያለ ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የተመረተበት ቀን ቁጥር ነው። ጥንካሬውን በታዮሰልፌት ለኪ፤ ካልለካሽ የዚህ ሳምንትና የሚቀጥለው ሳምንት ውጤትሽ አይነጻጸሩም።

ያገኘሻቸው ሁለት ኦንኮስፌሮች ሁለቱም ከትኩሱ መሆናቸው ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። የሞተ እንቁላል ስስ ሽፋኑ ስለሚዳከም ሃይፖክሎራይቱ ውስጥ ቶሎ ይሟሟል፤ የሕያው ሽፋን ይቋቋማል። የኢኪኖኮከስ መልቲሎኩላሪስ ተመራማሪዎች ይህንኑ ልዩነት ራሱን የቻለ መመርመሪያ አድርገውታል፤ ከሃይፖክሎራይት በኋላ ሳይሟሟ የቀረውን ኦንኮስፌር ይቆጥራሉ። ይህን ዘዴ በአይጥ ላይ ከተደረገ የማስያዝ ሙከራ ጋር ጎን ለጎን አነጻጽረውታል። አንቺ ጊዜውን ስላስረዘምሽ ሕያዎቹም ተሟሙብሽ እንጂ መንገዱ ትክክል ነው።

ቆጣሪው
(ዓርብ ጠዋት)

ቁጥር የሚመለከት ነገር ስላየሁ ልናገር።

ጀማሪዋ፣ በዚህ ዘዴ የሞቱት ይሟሟሉ ተባልሽ። እንግዲያው ስላይድሽ ላይ የምታገኚው የቀሩትን ብቻ ነው። «ካየሁት ሁሉ ይህን ያህሉ ሕያው ነው» ብለሽ ብትከፍዪ ሁልጊዜ ወደ መቶ በመቶ የቀረበ ቁጥር ይወጣልሻል፤ አካፋዩ ከሙታኑ ጋር ሟሟ ማለት ነው። ሃይፖክሎራይቱን ከመጨመርሽ በፊት በአንድ ሚሊ ሊትር ስንት እንቁላል እንዳለ ቁጠሪ፤ የምታካፍዪው በዚያ ነው። እንቁላል ፕላስቲክ ላይ መጣበቅ ይወዳል። በእያንዳንዱ ማጠብ ላይ የሚጠፋውም እንደ ሙት እንዳይቆጠርብሽ ከማጠቡ በፊትና በኋላ ቁጠሪ። ፈሳሹ ላይ ጥቂት ትዊን (ሳሙና መሰል ፈሳሽ) መጨመር መጣበቁን ይቀንሰዋል።

ትኩስ ነው የምትዪው እንቁላልም ሁሉም ሕያው አይደለም። አንድ ክፋይ ውስጥ ገና ያልበሰሉ እንቁላሎች አሉ፤ እነሱ ዱሮውንም አይነቁም። ስለዚህ የሞቀው ናሙና የሚለካው በመቶ ላይ ሳይሆን በዚያው ቀን፣ ከዚያው ትል በተወሰደ ትኩስ ናሙና ላይ ነው።

ሌላው ዜሮ ነው። 30 እንቁላል አይተሽ አንድም ሕያው ብታጪ «ሁሉም ሞተዋል» ብለሽ ትጽፊ ይሆናል። ዜሮ ስታገኚ 3ን ላየሽው ቁጥር አካፍዪ፤ በ95 ከመቶ እርግጠኝነት ከዚያ አይበልጥም ልትዪ የምትችዪው ጣሪያ እሱ ነው። ከ30 ዜሮ ማለት እስከ 10 ከመቶው ሕያው ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከ300 ዜሮ ከሆነ ጣሪያው 1 ከመቶ ይሆናል። አንድ ግራም ዝቃጭ ውስጥ ብዙ እንቁላል ሊኖር ስለሚችል በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሰው ጤና ጉዳይ ነው።

ቱቦዎቹንም ሌላ ሰው በምስጢር ቁጥር ይሰይምልሽ። የትኛው እንደተቀቀለ የምታውቂ ከሆነ ዓይንሽ የምትጠብቂውን ያያል። ይህ የታማኝነት ጉድለት አይደለም፤ የሁላችንም ዓይን እንዲሁ ነው።

ዘረ መል አንባቢ
(ዓርብ ከሰዓት በኋላ)

ፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ የሚለይ ምርመራ) ያልተነሣው ለምንድን ነው? ዝርያውንም ይለይላታል።

ስድስት መንጠቆ
(ዓርብ ከሰዓት በኋላ)

ዝርያውን ይለያል፤ ለዚያ ከሆነ አጥብቄ እደግፈዋለሁ፤ ማይክሮስኮፕ ያልቻለውን ነው የሚሠራው። ለሕይወት ግን ዲኤንኤ ምስክር አይሆንም፤ ከተቀቀለ እንቁላልም ይገኛል። መልእክተኛ አርኤንኤ ቶሎ ስለሚፈርስ የተሻለ ምልክት ነው፤ ሆኖም ወፍራም ቅርፊት ውስጥ ገብቶ ሳይበላሽ ማውጣት ራሱ ሥራ ነው። የሞተውን ዲኤንኤ ለመሸፈን የሚጨመረው ፕሮፒዲየም ሞኖአዛይድንም ያው ግንብ ያግደዋል። ወደ ሽሉ መድረስ የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ በኢምብሪዮፎሩ በኩል ማለፍ አለበት።

ጀማሪዋ
(ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ እሑድ ማታ)

ኤንዛይሙ መጣ።

ሃይፖክሎራይቱን ለካሁት፤ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው በጣም ደክሞ አገኘሁት። ስላይድ ላይ እያየሁ ጊዜውን ለየሁና አዲስ ቱቦ ሠራሁ። ጡቦቹ ልክ እንደተባለው ከአንድ ወገን ረገፉ። አጥቤ ፓንክሪያቲንና ሐሞት ጨመርኩ፣ 38 ዲግሪ ላይ አስቀመጥኩት። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ምንም አልነበረም። በሁለተኛውም ምንም አልነበረም። በሦስተኛው ላይ ከክቦቹ አንዱን እያየሁ ሳለ መንጠቆዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድነት ወደ ፊት ተዘረጉ፤ ከዚያ ወደ ጎን ተከፍተው ወደ ኋላ ተመለሱ። እንደ ዋናተኛ እጅ ነው። ሽፋኑ በመጀመሪያው ግፊት ተወጠረ እንጂ አልተቀደደም። ሰባት ስምንት ጊዜ ደጋገመው። ሲቀደድ ሽሉ ቀጥኖ በቀዳዳው ሾለከና ወጣ፣ ወጥቶም መቅዘፉን አላቆመም። የማይክሮስኮፑን ማስተካከያ የያዘው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የሙቀቱን ናሙናዎች ባልደረባዬ በቁጥር ሰይማልኛለች፤ ገና አልከፈትናቸውም፤ ስለዚህ ስለ ዝቃጩ የምለው የለኝም። የተቀቀለውን ቱቦ ግን ለብቻው ሞከርኩት። እንቁላሉን ሃይፖክሎራይቱ ከመግባቱ በፊት ቆጥሬ ነበር። ጡቦቹ እንደ ትኩሱ ረገፉ፣ ከዚያ አብዛኞቹ ክቦች ደበዘዙና ጠፉ። ሳይሟሙ የቀሩት ጥቂቶቹ አንጀት ፈሳሹ ውስጥ ሁለት ሰዓት ቆይተው አንድም መንጠቆ አላነቃነቁም፤ ትሪፓን ብሉ ስጨምርባቸው ወዲያው ሰማያዊ ሆኑ።

የድሮውን የሦስት ሳምንት መዝገብ አልጣልኩትም። በእያንዳንዱ ገጽ ራስጌ ላይ «ሕያው» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዤ «ቅርፊቱ ያልተሰነጠቀ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ትኩሱን ማነጻጸሪያ ለቀጣዩ ወር ሥራ ማቆየት እችላለሁ?

የእንስሳት ሐኪሟ
(እሑድ ማታ)

እንኳን ደስ አለሽ! ያን መቅዘፍ መጀመሪያ ያየሁበትን ቀን እኔም አልረሳሁትም።

በ4 ዲግሪ፣ በጨው ውሃ ውስጥ፣ ባክቴሪያ እንዳይወርሰው ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን ጨምረሽ አስቀምጪው፤ አይድረቅ፣ በረዶም አይሁን። ሲቆይ የሚነቃው ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ የዛሬውን ቁጥር ለወሩ መጨረሻ አትጠቀሚበት። የሞቀ ናሙና በከፈትሽ ቁጥር ከዚያ ጠርሙስ አንድ ጠብታ አብረሽ አንቂ። ምስጢራዊው ቁጥር ሲፈታም እዚሁ ጻፊልን፤ ሁላችንም እንጠብቃለን።